የ2017 ምርጥ

ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ ስሄድ ጋቢና ተቀመጥኩ። የሾፌሩ ፍላሽ ላይ በነጭ ፕላስተር «የ2017 ምርጥ» ተብሎ ተጽፏል። አዲስ ነገር ስጠብቅ የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» መጣ! ከአይቤክስ ባንድ ጋር በ1960ዎቹ የተቀዳው።

«ወንድሜ፣ ይህ እንኳ የ2017 አይደለም» አልኩት።

«ጥር ላይ ማሕሙድ ሚሊኒየም አዳራሽ ከመድረክ ሲሰናበተን ነበርኩ። ለእኔ የ2017 ነው» አለኝና ድምፁን ጨመረው። ረዳቱም ሂሳብ መሰብሰቡን ትቶ አዝማቹን ተቀበለ፤ ዘፈኑ ሲወጣ እናቱ ራሷ አልተወለደችም ይሆናል።

የዓመቱ ምርጥ ስንል የምንቆጥረው ዘፈኑ የወጣበትን ቀን ነው፤ የገባንበትን ቀን ግን ማንም አይጠይቅም። የእኔንም ዝርዝር ባየው ግማሹ የሙሉቀን መለሰ ነው። አዲሶቹ ድምፃውያን አይቀየሙኝ፤ ተራቸው እስኪደርስ 50 ዓመት ይጠብቁ።