ደንገጎ ሲጠቁር

ድሬዳዋ ውስጥ ፎርማን ሆኜ ስሠራ ነው። ሚያዝያ ላይ፣ በበልግ፣ አሸዋ አልቆብን አንድ ኢሱዙ ይዘን ከከተማው ከፍ ብሎ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ገባን። ወንዝ ስል ውሃ እንዳይመስላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል።

ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐዩ ያቃጥላል። መኪናው ግማሽ እንደሞላ ከጫኞቹ አንዱ፣ አንድ ሽማግሌ፣ አካፋቸውን ተደግፈው ከከተማው በላይ ወዳለው የደንገጎ ተራራ ያያሉ። "ዋሪያ፣ ደንገጎ ጠቁሯል። እንውጣ" አሉኝ። ቀና ብዬ ባይ ከላያችን አንድ ደመና የለም። "ጋሼ፣ ይቺን ብቻ እንጨርስ" አልኳቸው። ይቺ ቃል እስከዛሬ ትቆጨኛለች።

አልተከራከሩኝም። ልጆቹን እየጠሩ ወጡ፣ ሾፌሩም እሳቸውን አይቶ ሞተር አስነሳ፣ እኔም እየተበሳጨሁ ተከተልኩ። ዳር ደርሰን ብዙም ሳንቆይ መሬቱ አጉረመረመ። ከዚያ ጭቃ የመሰለ ውሃ ግንድና ድንጋይ እየገፋ መጥቶ ስንዝቅበት የነበረውን ጉድጓድ ዋጠው። ድሬ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደንገጎ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ መሀላቸው ያለው ርቀት አጭር ነው። ላይ የጣለው ዝናብ በተራቆተው ዳገት ተንደርድሮ እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን ይደርሳል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ሽማግሌው ያን ሌሊት ጎረቤቶቻቸውን እንዳጡ የነገሩኝ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ አሸዋ የምንጭነው ጠዋት ነው፣ ከቀትር በፊት እንወጣለን። መኪናው አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ ይቆማል። ውሃ ከመጣ ደግሞ በመኪና ልሻገር ማለት የለም፤ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሮጥ ውሃ አብዛኛውን መኪና ያንሳፍፋል። ዳር ላይ አንድ ሰው ደንገጎን ብቻ እያየ ይቆማል፣ ሙሉ የቀን ሒሳቡንም ያገኛል።

አሠሪዬ "ለቆመ ሰው ለምን ይከፈላል?" ብሎኝ ነበር። ይዤው ወርጄ ጉድጓዱ የነበረበትን ቦታ አሳየሁት። በርሜል የሚያህል ድንጋይ ተቀምጦበታል።