ጩቤው ከዘራፊው እጅ ከወጣ በኋላ

«ጩቤ አውጥቶብኝ ብመታው ታሳሪው እኔ ነኝ?» ሐዋሳ ውስጥ ማታ ባጃጅ የሚነዱና ሱቅ አምሽተው የሚዘጉ ሰዎች ይህን ይጠይቃሉ። ብዙ ሰው መልሱን የሚፈልገው ከዘራፊው ጥፋት ውስጥ ነው። እሱ ወንበዴ ነው፣ መሣሪያ ይዟል፣ እኔ ሠርቼ አዳሪ ነኝ፤ እንግዲህ የደረሰበት ይድረስበት። ሕጉ ግን ቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ምቱ ባረፈበት ቅጽበት አደጋው ገና ነበረ ወይስ አልፎ ነበር?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን የሚቀበለው ጥቃቱ ከሕግ ውጭ ሲሆን፣ እየተፈጸመ ወይም ሊፈጸም ሲቃረብ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ ሳይችል ሲቀርና የመከላከሉ ድርጊት ከአደጋው ክብደት ጋር ሲመጣጠን ነው። እነዚህ ከተሟሉ ድርጊቱ ጨርሶ አያስቀጣም። ለራስ ብቻ ሳይሆን ለሌላ ሰው መከላከልም ይቻላል፤ ጎረቤቱን ሊወጉት ሲሉ ደርሶ ያስጣለ ሰው በዚሁ አንቀጽ ይጠበቃል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከመናኸሪያ ወደ ቱላ ልሂድ ብሎ የተሳፈረ ሰው ጨለማ ቦታ ሲደርሱ ከኋላ ወንበር ጩቤ አውጥቶ የባለባጃጁ አንገት ላይ ያስጠጋል። ብርና ስልክ አምጣ ይላል። በዚህች ቅጽበት ባለባጃጁ እጁን ቢጠመዝዘው፣ በካቻቢቴ ቢወጋው፣ ገፍትሮ ቢጥለውና ሰውየው ቢሞት እንኳ አንቀጽ 78ን ማንሣት ይችላል። «ለስልክ ብሎ ሰው ገደለ» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሚዛን ላይ የሚቀመጠው ስልኩ አይደለም፤ ጩቤ የተደገነበት አንገት ነው። በመሣሪያ የሚፈጸም ዝርፊያ በሕጉ ከስርቆት ተለይቶ በውንብድና፣ ሲከፋም በከባድ ውንብድና (አንቀጽ 670 እና 671) የሚያስከስሰውም ከንብረቱ ጋር የሰው አካልና ሕይወት አብሮ ስለሚደፈር ነው።

አሁን ግን ትግሉ ተጀመረና ጩቤው ከዘራፊው እጅ ወጣ እንበል። ክርክሩ ሁሉ የሚወለደው ከዚህ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው። ጩቤው ወለል ላይ ወድቆ ዘራፊው ሊያነሣው ከተንጠራራ አደጋው አልቆመም። ባዶ እጁን ሆኖ ባለባጃጁን አንቆ ከያዘም አልቆመም፤ ጉልበትም ይገድላል። ጓደኛው ከጎን ድንጋይ ይዞ እየመጣ ከሆነም እንደዚያው። ዘራፊው ዘሎ ወርዶ ሮጦ፣ ባለባጃጁ ጩቤውን አንሥቶ ተከትሎ ጀርባው ላይ ከወጋው ግን ያ መከላከል አይደለም። የሚከላከሉት ጥቃት የለም፤ የቀረው በቀል ነው። ዘራፊው ከአንድ ደቂቃ በፊት ያደረገው ክፋት ይህን አይለውጠውም።

ፍርድ ቤት ይህን ከምን ያነብባል? በአብዛኛው ከቁስል። የሟች ወይም የተጎጂ ቁስል ከፊት ነው ከጀርባ? አንድ ነው ሰባት? ቆሞ ሳለ የደረሰበት ነው ወድቆ? የባለባጃጁ መዳፍና ክንድ ላይ ጩቤ ሲይዝና ሲመክት የሚፈጠር ቁርጥ አለ? ደሙ ባጃጁ ውስጥ ነው ወይስ መቶ ሜትር ርቆ አስፋልት ላይ? ምስክር ባይኖርም እነዚህ ይናገራሉ።

በመሀል ያለው ጉዳይ ይበዛል። ሰውየው መከላከል ጀምሮ ልኩን ያልፋል፤ አንድ ምት ሲበቃ አምስት ይደግማል። አንቀጽ 79 የተጻፈው ለዚህ ነው። ከመጠን ላለፈ ሰው ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልለታል፤ ልኩን ያለፈው፣ ጥቃቱ ባመጣበት ድንጋጤ፣ ፍርሃት ወይም መደናገጥ ከሆነና ይህም የሚታለፍ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጨርሶ ሳይቀጣው ሊቀር ይችላል። ይህ ድንጋጌ በጣም ተገቢ ነው እላለሁ። አንገቱ ላይ ስለት ያረፈበትን ሰው ምት እንዲቆጥር መጠበቅ ፍትሕ አይሆንም። ሞት ከደረሰ ልዩነቱ በአንቀጾቹ ይታያል፦ ተራ የሰው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ሲያስቀጣ፣ ከሕጋዊ መከላከል መጠን በማለፍ የተፈጸመ ግድያ በአንቀጽ 541 ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እሥራት ይቀጣል። ልዩነቱ ፍርድ እስኪሰጥ አይጠብቅም። በ540 የተከሰሰ ሰው ዋስትና ይከለከላል፤ በ541 ከሆነ ግን መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ጠበቃ ወይም መንግሥት የሚመድበው ተከላካይ ጠበቃ የሚያስፈልገው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው።

«ታዲያ ሲሮጥ ቆሜ ልየው?» ለሚለው፣ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1148 ንብረቱን በኃይል ወይም በስውር የተነጠቀ ሰው፣ ነጣቂውን እጅ ከፍንጅ ወይም ይዞ ሲሸሽ ደርሶበት ወዲያው እንዲያስጥል ይፈቅድለታል፤ ሁኔታው ከሚጠይቀው በላይ ኃይል መጠቀምን ግን ይከለክላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በቁጥር 50 ማንኛውም ሰው እጅ ከፍንጅ የተገኘን ወንጀለኛ ያለ መያዣ ትእዛዝ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ የያዘውን ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። ማሳደድ፣ ጠልፎ መጣል፣ እጁን መጠምዘዝ፣ ማሰር ይቻላል። ከታሰረ በኋላ ያለች አንዲት ጥፊ ግን ከዚህ ፈቃድ ውጭ ናት።

የሰፈር ሰው የሚጎዳው በተለይ እዚህ ላይ ነው። «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ሁሉም ይወጣል፤ ዘራፊው ይያዛል፤ ከዚያ ዱላው ይጀምራል። የተዘረፈው ሰው ሸሚዙ ተቀድዶ ዳር ቆሞ ሳለ፣ ምንም ያልተነካው ጎረቤት ድንጋይ ያነሣል። እጁ ታስሮ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው በማንም ላይ ጥቃት እያደረሰ ስላልሆነ እነዚህ ጎረቤቶች አንቀጽ 78ን ሊጠሩ አይችሉም። አጥንት ከተሰበረ በአካል ጉዳት፣ ሰውየው ከሞተ በግድያ ይከሰሳሉ። ደግ አስበው የወጡ ሰዎች እንዲህ ሲሆኑ ማየት ያሳዝናል። አንድ ሰው ብቻ እንኳ «በቃ፣ ፖሊስ ይጠራ» ቢል ብዙ ቤት ይተርፋል። በማግስቱ ዘራፊውን አፈላልጎ፣ ጓደኛ አስከትሎ ሄዶ መደብደብማ ከመከላከል ጋር ጨርሶ አይገናኝም።

ሽጉጡ የመጫወቻ ሆኖ ቢገኝስ? አንቀጽ 80 በፍሬ ነገር የተሳሳተ ሰው እውነት መስሎት ባየው ሁኔታ እንዲዳኝ ያዛል። በጨለማ እውነተኛ የሚመስል ሽጉጥ የተደገነበት ሰው የተከላከለው ከእውነተኛ ሽጉጥ እንደሆነ ተቆጥሮ ይታያል። በሌላ በኩል የተከላከለበት ሽጉጥ ፈቃድ ከሌለው፣ መከላከሉ ሕጋዊ ሆኖ እንኳ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ለብቻው ሊከሰስ ይችላል።

ነገሩ ካለፈ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ከባድ ነው፤ ብዙ ጥሩ ጉዳይም የሚበላሸው ያኔ ነው። ጩቤውን አትጠቡት፤ ከቦታው አታንሡት፤ ሰው እንዳይረግጠው ጠብቁት። ለፖሊስ የምትደውሉት ራሳችሁ ሁኑ። ዘራፊው ከቆሰለ ሐኪም ቤት እንዲደርስ አድርጉ፤ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሳይረዱ መተው በአንቀጽ 575 ያስጠይቃል፤ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ሲሆን ደግሞ ይከብዳል። የእናንተ ጉዳት ትንሽ ጭረት ቢሆንም በዚያው ቀን የሕክምና ማስረጃ ይጻፍበት፤ ከሳምንት በኋላ የአንገት ጭረት ይጠፋል። የተቀደደ ልብስ ሳይታጠብ ለፖሊስ ይሰጥ። አጠገብ ያለ ሱቅ ወይም ሆቴል ካሜራ ካለው ምስሉ ሳይጠፋ እንዲወሰድ መርማሪውን ጠይቁ።

ቃል ስትሰጡ ደግሞ ረጋ በሉ። ያለመናገርና ጠበቃ የማማከር መብት በሕገ መንግሥቱ አለ። መናገር ከመረጣችሁ በሙቀት «ልኩን አሳየሁት» ወይም «ዳግም እንዳይለምደው አደረግኩት» አይባልም፤ የቃል መቀበያ ወረቀቱ ላይ ከሰፈረ ዐቃቤ ሕጉ የበቀል ሐሳብ ብሎ ያነበዋል። የሆነውን በቅደም ተከተል ተናገሩ፦ ስለቱ የት ነበር፣ ዘራፊው ምን አለ፣ እጁ ወዴት ሄደ፣ መምታት ያቆማችሁት መቼና ለምን ነው። ያላያችሁትን አትጨምሩ። ከመፈረማችሁ በፊት ተነብቦላችሁ የተሳሳተው ይታረም።

በወንጀል ነፃ መባልም ሁሉንም ፋይል አይዘጋም። የሟች ቤተሰብ ወይም የቆሰለው ሰው ካሣ ሊጠይቅ ይችላል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 መሠረት ካሣውን የሚያየው ችሎት በወንጀል ችሎቱ የነፃ ውሳኔ አይገደድም። እዚያም ተገቢ በሆነ መንገድ ራስን መከላከል በቁጥር 2039 ከኃላፊነት ያድናል። ስለዚህ የሕክምና ማስረጃው፣ የምስክሮች ስምና የፖሊስ መዝገብ ቁጥር የወንጀል ክሱ ካለቀ በኋላም ተጠብቀው መቀመጥ አለባቸው።