ሲሄዱ ስምንት፣ ሲመለሱ ስድስት

ለንደን ውስጥ አንድ ቢሮ ገብቼ የሠራተኞችን ጉዞ ማመቻቸት ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። አለቃዬ ኒውዮርክ ላይ ስብሰባ አላቸው። «በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል? የስብሰባውን ሰዓት ዛሬውኑ እናሳውቃቸው» አሉኝ።

ቀላል ሒሳብ መሰለኝ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት 5,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልልቆቹ ጄቶች በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራሉ። አካፈልኩት፤ ስድስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ለመጠባበቂያ ሃያ ደቂቃ ጨመርኩና ላክሁት። ኮራም ብዬ ነበር። ርቀቱን በማስመሪያ ካርታ ላይ አልለካሁትማ! ምድር ድቡልቡል ስለሆነች አጭሩ መንገድ ካርታው ላይ ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ እንደሚታይ አውቃለሁ። ይህን የሚያውቅ ሰው ምን ይሳሳታል?

ትኬቱ ሊቆረጥ ሲል ጉዴ ወጣ። በረራው ወደ ስምንት ሰዓት ነው የሚፈጀው። ኒውዮርክ ያሉት ሰባት ሰዎች ቀጠሯቸውን እንደገና እንዲያዞሩልኝ ስለምን ዋልኩ።

ለዓመታት ትኬት ስትቆርጥ የኖረች ባልደረባዬ ሒሳቤን አይታ ሳቀችብኝ። «አንተዬ፣ 900 ያልከው እኮ አየሩን እየሰነጠቀ የሚሄድበት ፍጥነት ነው። አየሩ ራሱ ሲሄድስ?» አለችኝ።

ለካ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ጄት ስትሪም የሚባል ንፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነጉዳል። የፈረንጆቹ ብርዳማ ክረምት ሲሆን ደግሞ ይብስበታል፤ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ቀን አለ። ወደ ኒውዮርክ የሚሄድ አውሮፕላን ወንዝ ሽቅብ እንደሚቀዝፍ ጀልባ ነው። ንፋሱ 150 ቢሆን ከ900 የሚተርፈው 750 ብቻ ነው። በዚያ ላይ አየር መንገዶች ሰዓት የሚቆጥሩት አውሮፕላኑ ከቆመበት በር ተነሥቶ ሌላው በር ላይ እስኪቆም ድረስ ነው። ሜዳው ላይ ተራ መጠበቁም ይቆጠራል።

ገባኝ አልኩ። የገባኝ ግን ግማሹ ብቻ ነበር።

ስብሰባው ስለረዘመ አለቃዬ መመለሻቸውን ወደ ሌላ በረራ ቀየሩና የሚነሡበትን ሰዓት ብቻ በስልክ ጻፉልኝ። እኔ ሆዬ ስምንት ሰዓት ደመርኩ፣ የአምስት ሰዓቱን ልዩነትም ጨመርኩና ለሾፌሩ ነገርኩት። ያ ሽቅብ ሲቀዝፉት የነበረው ወንዝ ሲመለሱ ከኋላ እንደሚገፋቸው ትዝ አላለኝም። በፈረንጆቹ የካቲት 2020 አንድ መንገደኛ አውሮፕላን በዚሁ ንፋስ ታግዞ ከኒውዮርክ ለንደን ከአምስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ገብቷል። አለቃዬን ያመጣቸው እንኳ ያን ያህል አልፈጠነም፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ አደረሳቸው። ሊነጋጋ ሲል ስልኬ ጮኸ።

«ደርሻለሁ። መኪናው የታለ?»

ሾፌሩ ገና ከአልጋው አልወረደም።

አሁን ርቀት አልጠይቅም። የበረራ ቁጥሩን እጠይቅና የሚያርፍበትን ሰዓት ከራሱ ከአየር መንገዱ አያለሁ። አሜሪካ በመጋቢት ሰዓቷን ከእንግሊዝ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀድማ ስለምታዞር ያ የአምስት ሰዓት ልዩነት ለጊዜው አራት ይሆናል። ይህን እንኳ ባልደረባዬ ቀድማ ነገረችኝ፤ ሦስተኛ ጊዜ ሳልሳሳት።