ግንዱን ትቼ ያገኘኋት ግንደ ቆርቁር

ስሟ አሳስቶኝ ነበር። ግንደ ቆርቁር ሲባል ግንድ ላይ ተለጥፋ የምትቆረቁር ወፍ ናት ዓይናችን ላይ የምትመጣው። እኔም ለትምህርት ህንድ በነበርኩ ጊዜ ኬረላ ወርጄ፣ ታቴካድ በሚባለው የወፎች ጥብቅ ደን ሁለት ቀን ሙሉ ግንድ ለግንድ ስዞር ዋልኩ። ቦታው በታወቀው የወፍ አጥኚ በሳሊም አሊ ምክር በ1983 እ.ኤ.አ. የተከለለ ነው።

የምፈልጋት ክንፏ ላይ ትንንሽ ጥቁር የልብ ቅርጾች ያሉባትን ነው። ሳይንሳዊ ስሟ ሄሚሰርከስ ካኔንቴ። ርዝመቷ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው።

በሦስተኛው ቀን አስጎብኚ ያዝኩ። እዚያ ታላቅን «ቼታ» ይላሉ፤ የእኛ «ጋሼ» እንደማለት ነው። ቼታ ሁኔታዬን አይተው «ግንዱን ተወው። ላይ ያለውን ጭራሮ እይ» አሉኝ። ለካ ይቺ ወፍ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ነው የምትወደው። ጉንዳንና ምስጥ እዚያ ትለቅማለች። ደግሞ ከሌሎች ወፎች መንጋ ጋር ተቀላቅላ መዞር ትወዳለች። ስለዚህ መሮጡ ዋጋ የለውም፤ አንድ ቦታ ቆሞ መንጋው እስኪመጣ መጠበቅ ነው። አንገቴ ሲዝል ድንጋይ ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ። ይህንን ለማንም እመክራለሁ።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። በመጀመሪያው ቀን ስልኬ ላይ ድምጿን ከፍቼ ልጠራት ሞክሬያለሁ። ጊዜው ጥር ነበር። ህንድ ውስጥ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የመራቢያ ወቅቷ ነው። ባላጋራ የመጣ መስሏት ጎጆዋን ትታ ልትወጣ ትችል ነበር። ቼታ ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ ደግሜው አላውቅም።

ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ቅጠሉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ትንንሽ ወፎች ከላይ ፈሰሱ። ከመሃላቸው «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ እኔ ስጠብቅ የነበረው ግን ከበሮ የመሰለ ነበር። ባይኖኩላሬን አነሳሁ። ጉትዬዋ ቆሟል። ጅራቷ ከማጠሩ የተነሳ ሳያድግ የቀረ ይመስላል። ግንባሯ ነጭ ነው፤ ሴት ናት ማለት ነው፣ የወንዱ ጥቁር ነውና። ከጣቴ በማይወፍር ደረቅ እንጨት ላይ ተንጠልጥላ ስትዞር ልቦቹ አንድ በአንድ ታዩኝ።

ቼታ ትከሻዬን ነካ አድርገው ወደ ቀኝ ጠቆሙኝ። ወንዱ እዚያው አጠገቧ ነበር።