ሃርድ ዲስኩን ሳልነካ ሊነክስን እንዴት ሞከርኩ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ቤታችን ያለው ላፕቶፕ አንድ ነው። እኔ ሥራዬን፣ ታናሽ እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን እንሠራበታለን። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ 8ኛ ትውልድ ስላልደረሰ ለዊንዶውስ 11 አይሆንም። በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ነፃ ሥርዓት፣ ሊነክስን፣ ልሞክር አልኩ። ፓርቲሽን መቁረጥ (ሃርድ ዲስኩን ለሁለቱ ሥርዓቶች መከፋፈል) ግን የማይታሰብ ነበር፤ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ የእህቴ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ስለዚህ ሁሉንም ነገር ፍላሽ ላይ አደረግኩት። ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ቀለል ያለውን የሊነክስ ዓይነት፣ ዙቡንቱን፣ መረጥኩ። በሞባይል ዳታ የሚወርድ ነገር አይደለምና ከተማ ገብቼ ጓደኛዬ ቢሮ አወረድኩት። ከዚያ ሩፉስ በሚባል የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ እንዲነሳ አድርጌ 32 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጻፍኩት። (ሩፉስ ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ ቀድማችሁ ገልብጡ።) ቁልፉ ነገር «ፐርሲስተንት ፓርቲሽን» የምትለዋ መጎተቻ ናት። ዜሮ ላይ ከተተወች የጫናችሁት ፕሮግራም፣ የዋይፋዩ ፓስወርድ፣ ያስተካከላችሁት ሁሉ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ይጠፋል። እኔ ግማሹን ቦታ ሰጠኋት። ፍላሹም ዩኤስቢ 3 ይሁን፤ በ2 ብራውዘር እስኪከፈት መጠበቁ ያማርራል።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ12 ተጭኜ (ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው) ፍላሹን መረጥኩ። ሃርድ ዲስኩ ላይ የሚጭነውን «ኢንስቶል» የሚለውን አለመንካት ነው እንጂ ሌላው ቀላል ነው። ዋይፋዩም ድምፁም ወዲያው ሠሩ።

ትልቁ ትምህርት የመጣው ከእህቴ ጽሑፍ ነው። ኮፒውን ሊነክስ ላይ በዎርድ ፋንታ በሚሠራው በሊብረኦፊስ ስከፍተው ፊደሉ ሁሉ ይነበባል፣ ገጾቹ ግን ተንሸራተዋል፤ አንዱ ሠንጠረዥ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ቀጣዩ ገጽ ላይ ወርዷል። እሷ የጻፈችው ኒያላ በሚባለው የአማርኛ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ነው፤ ኒያላ ደግሞ የማይክሮሶፍት ፎንት ስለሆነ ከሊነክስ ጋር አይመጣም፣ በምትኩ ስፋቱ የተለየ ሌላ ፎንት ይገባል። ይህን ሳላውቅ ዊንዶውሱን ነቅዬ ቢሆን ኖሮ ማስረከቢያዋ ሲደርስ ምን ይውጠን ነበር! እናንተም ስትሞክሩ የምትሠሩበትን የራሳችሁን የአማርኛ ፋይል ክፈቱ፤ ዴስክቶፑን አይቶ መፍረድ ዋጋ የለውም።

ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። አልተበላሸም፦ ሊነክስ የማሽኑን ሰዓት በግሪንዊች ይይዛል፣ ዊንዶውስ በአገር ሰዓት። ኢንተርኔት ሲገናኝ ይስተካከላል።

እህቴ እስክታስረክብ ዊንዶውሱ ባለበት ይቆያል፤ እኔ ሥራዬን ከፍላሹ ቀጥያለሁ።