ድሬ በቀን ሁለቴ ትነጋለች

ድሬዳዋን የማያውቅ ሰው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ቢደርስ ነዋሪው ከተማውን ጥሎ የሄደ ይመስለዋል። ሱቁ ዝግ ነው። ባለባጃጁ ጥላ ፈልጎ፣ እግሩን ወደ ውጭ ዘርግቶ ተኝቷል። ውሻው እንኳን ከግንቡ ስር አይወጣም። እዚህ ያደግን ሰዎች ግን በዚያ ሙቀት ውስጥ ተጋድመን የምናስበው አንድ ነገር ነው፤ 10 ሰዓት ስንት ቀረው?

10 ሰዓት ላይ ድሬ እንደገና ትነጋለች። በሮች ይከፈታሉ፣ ደጁ ላይ ውሃ ይረጫል፣ አቧራው ሲርስ ያ የማውቀው ሽታ ይነሳል፣ ከኋላው ደግሞ የጋለ ዘይት ሽታ ይከተላል። ባጂያ ነው።

ስለ መክሰስ ልጽፍ የተነሳሁት አንድ ወዳጄ በቀደም «መክሰስ ማለት እኮ ትርፍ ነገር ነው፣ ቁርስና ምሳ በደንብ ከበላህ አያስፈልግህም» ስላለኝ ነው። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ሆድን ብቻ ካየን ልክ ሊሆን ይችላል። ግን መክሰስ የሆድ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የሰዓት ጉዳይ ነው። ሰዎች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ደጃፍ፣ ከአንድ ወረቀት ላይ የሚገናኙበት ነገር ነው።

ሰፈራችን በሙሉ አዴ የሚላቸው እናት አሉ። ከበራቸው አጠገብ ከሰል ምድጃ፣ ጎድጎድ ያለ መጥበሻ፣ ዱካ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ሳፋ አለ። ሳፋው ውስጥ ያለው ሊጥ ሥራው የተጀመረው ማታ ነው። ጥራጥሬው ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ ጥቁር ዓይን ያለው ሲሆን ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ድግር ይሉታል። ሲዘፈዘፍ ያድራል። ጠዋት በእጅ ይታሻል፣ ልጣጩ ሲንሳፈፍ ይደፋል፣ እንደገና ውሃ፣ እንደገና ማሸት። ከዚያ ይፈጫል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የድንብላል ቅጠልና ጨው ይገባበታል። ከዚህ በኋላ ያለውን ነው በላተኛው የማያየው። አዴ ሊጡን በእጃቸው ይመቱታል፣ አየር ገብቶበት ቀለል እስኪል፣ ክንዳቸው እስኪዝል ድረስ ይመቱታል። ያልተመታ ባጂያ ድንጋይ ነው።

ዘይቱ ሲግል ቁንጥር የምታህል ሊጥ ይጥሉበታል። ከታች ተኝታ ከቀረች ዘይቱ አልደረሰም። ወዲያው ከጠቆረች አልፎበታል። ወርዳ፣ ትንሽ ቆይታ፣ በአረፋ ተከባ ብቅ ካለች ጊዜው ነው። ልጅ ሆኜ ከዚህች ቁንጥር ሊጥ ዓይኔን መንቀል አልችልም ነበር።

ባጂያው ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጠናል። ላዩ ላይ አረንጓዴ ብስባስ ይፈስበታል፤ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ነው።

«አዴ፣ ብስባስ ጨምሩልኝ!»

«ያቃጥልሃል አንተ ልጅ።»

«አቦ፣ አያቃጥለኝም!»

ያቃጥለኝ ነበር። አልቅሼም እበላው ነበር። ብቻዬን ግን በልቼ አላውቅም። ወረቀቱ አንዴ ከተፈታ ከሦስት አራት አቅጣጫ እጅ ይገባል። ሰፈራችን ውስጥ ወረቀቱን ደብቆ የበላ ልጅ ስሙ ለዓመታት ይነሳ ነበር።

አንድ ነገር ካደግሁ በኋላ ነው የገባኝ። ባጂያ ውስጥ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ ሥጋ የለም። ስለዚህ በዐቢይ ጾም የኦርቶዶክሱ ልጅ ይበላዋል፣ በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት የሙስሊሙ ቤት ሰፍራ ላይ ይቀርባል። የሁሉም ጾም ያለችግር የሚያስገባው ምግብ ነው። ድሬ ባጂያን እንዲህ መውደዷ በዚህም ይመስለኛል።

ስሙ ከህንድ ነው የመጣው። እዚያ ባጂያ የሚሉት በሽምብራ ዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ አትክልት ነው። የመኖችና ሶማሌዎች ግን ስሙን ይዘው እንደኛው በባለጥቁር ዓይኑ ጥራጥሬ ይሠሩታል። ይበልጥ የገረመኝ በሌላኛው የአፍሪካ ጫፍ ያለው ታሪክ ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ዮሩባዎች ይህንኑ ጥራጥሬ ዘፍዝፈው፣ ልጣጩን አንስተው፣ ፈጭተው፣ መትተው ይጠብሱታል። ስሙ አካራ ነው። በባርነት ተግዘው ብራዚል የደረሱት አፍሪካውያን አካራን በጭንቅላታቸው ይዘውት ሄዱ። ዛሬ ባሂያ በሚባለው የብራዚል ግዛት ውስጥ አካራዤ ይባላል፣ ነጭ በነጭ የለበሱ ሴቶች መንገድ ዳር ተቀምጠው በቀይ የዘንባባ ዘይት ይጠብሱታል፣ ከመሃሉ ሰንጥቀው ደረቅ ሽሪምፕ ይጨምሩበታል። እነዚያ ሴቶች የአዴን ሳፋ ቢያዩ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው የሚያውቁት ይመስለኛል።

ድሬ ራሷ የመንገድ ልጅ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ደረሰ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ድረስ ሊወጣ ነበር፣ ተራራው አስቸገረና ከታች ሜዳው ላይ ከተማ ተቆረቆረ። ህንዱ፣ የመኑ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ በዚያ ሐዲድ መጣ። ማን የቱን ምግብ እንዳመጣ ቆጥሮ መለየት አይቻልም፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ሁሉም ተደባልቋል።

ሳምቡሳም የመንገድ ሰው ነው። ፋርሶች ሰንቡሳግ ይሉት ነበር። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባጡታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዴልሂ ቤተ መንግሥት ውስጥ የቀረበለትን ሲገልጽ፣ ውስጡ የተከተፈ ሥጋ፣ ለውዝ፣ ፒስታቺዮና ሽንኩርት ነበረበት ይላል። ዛሬ የህንድ ሳሞሳ ያለ ድንች አይታሰብም፣ ድንች ግን ያኔ ገና ከአሜሪካ አልወጣም ነበር። የኛው ምስር ያዘ። እኔ በግሌ የምስሩን ነው የምመርጠው፣ በተለይ ጠርዙ ጠቆር ሲል።

ወደ ሰዓቱ ልመለስ። ስዊድን የምትኖር አብሮ አደጌ መጀመሪያ አካባቢ ስትደውል «እዚህ አገር 10 ሰዓት የለም» ትለኝ ነበር። ናፍቆት ነው ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ሥራ ስትይዝ ፊካ የሚባል ነገር አገኘች። ሥራ ይቆማል፣ ቡና ይቀዳል፣ ቀረፋ ያለው ጥቅል ዳቦ ይቀርባል፣ አለቃና ሠራተኛ እኩል ይቀመጣል። ቃሉ ከየት እንደመጣ ስትነግረኝ ሳቅን። በድሮ ስዊድንኛ ቡና «ካፊ» ነው። ሁለቱን ፊደል ገልብጣቸው፣ ፊካ። እንዲህ በፊደላችን ሲጻፍ ደግሞ እንዴት ያምራል።

የጃፓኖቹ ይብሳል። መክሰስን ኦያትሱ ይሉታል፣ ያትሱ ማለት ስምንት ነው። በድሮ አቆጣጠራቸው ከሰዓት በኋላ «ስምንት» የሚባለው ሰዓት ላይ ትንሽ ነገር ይቀመስ ስለነበር ስሙ ከዚያ ቀረ። ያ ሰዓት በፈረንጅ ሰዓት 2 ሰዓት ገደማ ነው። በኛስ? ስምንት! ሁለቱ አቆጣጠሮች አይተዋወቁም፣ መነሻቸውም አይገናኝም፤ ግን ይህን ሳነብ ኪዮቶ ውስጥ ያለ ሰው በአማርኛ «ስምንት ሰዓት ሞላ» ያለኝ ያህል ደስ አለኝ።

ስፔኖች ሜሪየንዳ አላቸው፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚቀምሰው። ፊሊፒንስን ከ300 ዓመት በላይ ሲገዙ ቃሉን እዚያ ተዉት፤ ፊሊፒኖዎቹ ደግሞ አንዱን ሁለት አደረጉት፣ የጠዋትና የከሰዓት። የየአገሩ መክሰስ ሰዓቱን የሚይዘው ከአየሩና ከሥራው ነው። የድሬን 10 ሰዓት የሠራት ፀሐይዋ ናት።

ሐረር ስትወጣ ነገሩ ይለወጣል። ብርድ አለ። አክስቴ የሚኖሩት ጁገል ግንብ ውስጥ ነው፣ በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው። እዚያ መክሰስ ከደጅ ወደ ቤት ይገባል፣ ጫማ አውልቀህ ትቀመጣለህ፣ ሆጃ ይቀዳልሃል። ሆጃ የቡና ቅጠል ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ ወተትና ጨው ገብቶበት ነው። ቡናውን ለገበያ ልከው ቅጠሉን የሚጠጡ ሰዎች ናቸው፣ ያውም ቅጠሉ ጭስ ጭስ የሚል የራሱ ጣዕም አለው። ከጎኑ ሐለዋ ይቀርባል። ባለሐለዋው በቢላ ቆርጦ፣ በሚዛን ለክቶ ይሸጠዋል። ቀይ ቡኒ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ስትነካው ይንቀጠቀጣል፣ ሄል ሄል ይሸታል።

ረመዳን ሲሆን ደግሞ ሙሸበክ አለ፣ ያ ብርቱካናማው ክብ ጣፋጭ። ሊጡ በቀጭኑ እየተዞረ ዘይት ውስጥ ይለቀቃል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ስኳር ሽሮፕ። ስሙ በዐረብኛ እንደ መረብ የተጠላለፈ ማለት ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የባግዳድ ወጥ ቤቶች ይሠሩት እንደነበረ ተጽፎ ይገኛል። ህንድ ጀሌቢ ይለዋል፣ ኢራን ዙልቢያ፣ ቱኒዚያ ዝላቢያ። አክስቴ «ሙሸበክ በጥርስ ሲነከስ ድምፁ ካልተሰማ ያደረ ነው» ይላሉ፣ ከባለሱቁ ፊት ነክሰው ነው የሚገዙት።

የባቢሌን ለውዝ ካላነሳሁ ግን የሐረርጌ ሰው አይምረኝም። ከሐረር በጅግጅጋ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄድ መንገዱ ዳር ይሸጣል። ለውዝ ስታብብ አበባዋ ከላይ ነው፣ ፍሬ ለመያዝ ግን ከአበባዋ ሥር ቀጭን ዘንግ ወደ ታች ሰዳ አፈር ውስጥ ትገባለች። ለዚህ ነው እንደ ባቢሌ ያለ አሸዋማ አፈር የሚስማማት። ዘሯ ከደቡብ አሜሪካ ነው፣ ስሟ ግን የዐረብ ነው፤ ዐረቦች ለውዝ የሚሉት ሌላውን፣ አልመንድን ነው። ኢብን ባጡታ በሳምቡሳው ውስጥ ያገኘው ያኛው ለውዝ ነው። የኛዋ ስሙን ብቻ ወርሳ ቀረች። ሐረርጌ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ጨዋታ ከተጀመረ መሃል ላይ የለውዝ ሳህን አለ፣ ጨዋታው ሲያልቅ የሚቀረው የልጣጭ ክምር የወጉን ርዝመት ይናገራል።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። የእህቴ ልጅ 9 ዓመቱ ነው። 10 ሰዓት ላይ ከፌስታል የታሸገ ቺፕስ አውጥቶ፣ ስልክ ይዞ፣ ክፍሉ ገብቶ ይበላል። የታሸገ ነገር ሁሉ መርዝ ነው አልልም፣ ጉዞ ላይ እኔም እበላለሁ። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ያ ፌስታል ሰዓት የለውም። ጠዋትም ማታም አንድ ነው፣ ዘይቱ እስኪግል አይጠበቅም፣ እጅ አይገባበትም፣ ማንም «ብስባስ ይጨመርልህ?» ብሎ አይጠይቅም። ልጁ ሳያካፍል የሚበላው ስስታም ስለሆነ አይደለም። የሚካፈለው ሰው አጠገቡ ስለሌለ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እጁን ይዤ አዴ ጋ ወሰድኩት። አዴ አርጅተዋል፣ ሊጡን አሁን የሚመታው የልጃቸው ልጅ ነው፣ ቁንጥሯን ዘይት ላይ የሚጥሉት ግን አሁንም እሳቸው ናቸው። ልጁ ወርዳ ስትወጣ አየ። ምንም አላለም፣ ግን ወደ ምድጃው አንድ እርምጃ ጠጋ አለ።

ወረቀታችንን ተቀብለን ግንቡ ላይ ተቀመጥን። ሁለት የሰፈር ልጆች መጥተው አጠገቡ ቆሙ። አየኝ፣ ወረቀቱን ገፋ አደረገላቸው። ሲያልቅ ዘይት የጠጣውን ወረቀት ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። የሆነ ልጅ የሒሳብ ደብተር ነበር፣ በቀይ እስክሪብቶ የታረመ።

«አጎቴ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት 54 ብሎ ጽፏል።»

«ስንት ነው?»

ከልጆቹ አንዱ ቀደመውና «56!» አለ። ሦስቱም በወረቀቱ ላይ ተደፍተው የቀሩትን ጥያቄዎች ማረም ያዙ። እኔ ሁለተኛ ዙር ላመጣ ተነሳሁ፣ ብስባሱን በዛ አድርጌ።