«ደራሲ ብለህ ተወው»

ለመጽሔታችን ስለ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ አንድ ገጽ ጽፌ አስረከብኩ። የሕትመት ረቂቁ ሲመጣ ስለ ጣሊያን ወረራ ጦርነት የጻፍኩት አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ተቆርጧል፤ ሹመታቸውም «ዲፕሎማት» በምትል አንዲት ቃል ተጠቃሏል።

ዋና አዘጋጁ ቢሮ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ሽሬ የት ሄደ?»

«ቦታ ጠበበ። ሰው የሚያውቃቸው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ነው። ደራሲ ብለህ ተወው።»

«ከራስ እምሩ ጋር ሽሬ የዘመቱ ሰው እኮ ናቸው። ጦሩ ከተፈታ በኋላም ወደ ምዕራብ አብረው ሄደው፣ ታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ነው የተማረኩት። ከዚያ ጣሊያን አገር በግዞት…»

«አውቃለሁ» አለኝ ብዕሩን እያስቀመጠ። «አርበኛ ሞልቷል። ፍቅር እስከ መቃብርን የጻፈው ግን አንድ ሰው ነው።»

ይህች መልስ እስካሁን ታንገበግበኛለች። ግማሽ እውነት ስላላት ወዲያው አፍ የሚያዘጋ መልስ አልመጣልኝም። መልሱ የመጣልኝ ማታ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ዘውዱ ገና አልወደቀም። የልብ ወለዱን ትዕቢተኛ ባላባት ፊታውራሪ መሸሻን እንዲያ አድርገው የገለጡት ሰው ከደጅ ቆመው የሚጮኹ አልነበሩም፤ አምባሳደርም የትምህርት ሚኒስትርም የነበሩ የመንግሥት ሹም ናቸው። ሥርዓቱን የሚተቸው ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሣም እኮ የፊታውራሪው ዘመድ ነው። ያን ሥርዓት ከውስጥ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ነው የሚናገረው። እኔ ልብ ወለዱን ከሹመቱ ነጥዬ ማንበብ አልችልም።

በማግስቱ ይህንኑ ነገርኩት። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ደርግ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲያቀርብላቸው አልቀበልም ማለታቸውንም ጨመርኩ። ራሱን ነቀነቀ።

«ጥሩ ነው። ግን ሁለት ገጽ ይፈልጋል።»

«ሁለት ገጽ ይስጡኛ!»

«ማስታወቂያ ተይዞበታል።»

መጽሔቱ «ደራሲና ዲፕሎማት» ብሎ ወጣ። ሐዲስ ዓለማየሁ ዕድሜያቸው ከ80 ካለፈ በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም.፣ የዚያን ጦርነት ታሪክ «ትዝታ» ብለው አሳትመዋል። ባለታሪኩ ራሳቸው በዚያ ዕድሜ ያልተዉትን ዘመን እኛ ለማስታወቂያ ስንል ተውነው። ዛሬም ትክክል ነው ብዬ አልቀበልም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ሰው ሲደርሰኝ ጦሩን፣ ሹመቱንና ብዕሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስሬ አስረክባለሁ፤ ለብቻው ተቆርጦ የሚወጣ አንቀጽ እንዳይኖር። ስለ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ስጽፍ «በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው የተመለሱት፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትና የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉት» ብዬ ጀመርኩ። አዘጋጁ ረዘመ ብሎ ከሁለት ከፈለው፤ መድፈኛውንም ሊቆርጠው በእርሳስ ከበበው። ማሰሩ ብቻውን አላዳነውም። እንደገና ቢሮው ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ቴአትሩንም ሕገ መንግሥቱንም የጻፈው ያው ወታደር መሆኑን እስኪሰማኝ ድረስ ተከራከርኩ። ያኛው ሳይቆረጥ ታተመ።